የደም ባንኩ ለምን ይራቆታል? የፕላዝማ ፋብሪካስ መቼ ይገንባ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «በአንድ ታዳጊ አገር የጤና ዕቅድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የደም ባንካችን በዘመቻ ሰሞን ይጥለቀለቃል፤ ትንሽ ቆይቶ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ አብዛኛውን እንጥለዋለን። ከፕላዝማ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን። አሁን የራሳችንን የፕላዝማ ፋብሪካ እንገንባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ቦታውም ታይቷል። ለለጋሾች ገንዘብ እንክፈል የሚሉም አሉ። ከየት እንጀምር?»

ከጫፉ ልነሣ። ፋብሪካው ይቆይ። ክፍያው ይቅር። መጀመሪያ መዝገባችሁን ክፈቱና አንድ ቁጥር ፈልጉ፦ ባለፈው ዓመት ደም ከሰጡት ሰዎች ስንቱ ተመልሰው መጡ?

ይህን በየሄድኩበት እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ስንት ከረጢት እንደሰበሰቡ በቃላቸው ይነግሩኛል። ስንት ዘመቻ እንዳካሄዱም እንደዚያው፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተመላሹን የቆጠረ ግን የለም። ደም ባንክን ደግሞ በሕይወት የሚያቆዩት እነዚያ ያልተቆጠሩት ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከደሙ ጠባይ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከረጢቱ እንደያዘው ፈሳሽ ዓይነት፣ 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ጭራሽ ፍሪጅ አይወድም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ላይ እየተወዛወዘ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ደም ተሰብስቦ የሚከዘን ነገር አይደለም። በዘመቻ የመጣ ደም አብሮ ይገባል፣ አብሮ ያረጃል። በአምስተኛው ሳምንት ያልተነካውን ከረጢት አውጥታችሁ ታስወግዳላችሁ። በስድስተኛው ሳምንት በሬዲዮ ትለምናላችሁ። ዘመቻው የተሳካ መስሏችሁ ነበር፤ በእርግጥም ለአንድ ወር ተሳክቷል።

ሒሳቡን እንየው። በዓመት 20,000 ከረጢት ያስፈልጋችኋል እንበል። ሰዉ አንዴ ሰጥቶ የሚጠፋ ከሆነ በየዓመቱ 20,000 አዲስ ሰው ማሳመን አለባችሁ። እያንዳንዱ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ 10,000 ሰው ይበቃል። ሦስቴ ቢመጣ 7,000 እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ተመላሽ ለጋሽ ደጋግሞ የተመረመረ ሰው ነው። በምርመራ ወድቆ የሚጣለው ከረጢት ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው የደም ደኅንነት የሚጠበቀው ላቦራቶሪ ውስጥ ይመስለዋል። እኔ ግን ግማሹ ሥራ ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በፊት ያለቀ ነው እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 118.5 ሚሊዮን ያህል ልገሳ ይካሄዳል። ከዚህ 40 በመቶው የሚሰበሰበው ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው ብቻ በሚኖርባቸው ባለከፍተኛ ገቢ አገሮች ነው። እዚያ ከ1,000 ሰው 31.5 ልገሳ ይገኛል። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 5 ነው። ደሙ የሚሄድበትም ይለያያል። በሀብታሞቹ ዘንድ ብዙውን የሚወስዱት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ታካሚዎች ናቸው። በድሃ አገሮች ደም ከሚሰጣቸው ውስጥ እስከ 54 በመቶ የሚደርሱት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው፤ ዋናው ምክንያትም ብርቱ የደም ማነስ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለዕቅድ ሠሪ ትልቅ ትርጉም አለው። የሕፃናት ደም ማነስ ወቅት አለው፤ ወባ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ብዙ ደም ባንኮች ደግሞ የሚተማመኑት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። የዝናቡ ወራትና የትምህርት ቤት ዕረፍት ከገጠሙ ለጋሹ በተበተነበት ሰዓት ሕፃኑ ደም ይፈልጋል። እናንተ ጋ እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የሦስት ዓመት መዝገብ አውጡ። በየወሩ የገባውንና የወጣውን በሁለት መስመር ሣሉ። መስመሮቹ የሚለያዩበትን ወር ታዩታላችሁ። ከዚያ ለዚያ ወር ብቻ ከተማሪ ውጭ ያለ ለጋሽ ፈልጉ፦ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የእምነት ተቋማት፣ የፋብሪካ ሠራተኞች።

አሁን ሰው ለምን እንደማይመለስ ልንገራችሁ። በስብሰባ ላይ ይህን ስታነሡ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የሚል መልስ ይመጣል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። አንዴ የመጣ ሰው ግንዛቤ ነበረው፤ ባይኖረው አይመጣም ነበር። ያልተመለሰው ከመጣ በኋላ በሆነው ነገር ነው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ከልገሳ በፊት ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ የሚለካበት ቀላል ዘዴ አለ። ከጣት ጫፍ የተወሰደች የደም ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ትጣላለች። ፈሳሹ እፍጋቱ 1.053 እንዲሆን የተዘጋጀ ኮፐር ሰልፌት ነው። ጠብታዋ ትንሽ ወርዳ ትቆማለች፣ ታመነታለች። በ15 ሰከንድ ውስጥ ከሰመጠች ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 12.5 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ሰውየው መስጠት ይችላል። ከተንሳፈፈች ዛሬ አይሰጥም። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የመጣች ልጅ ነበረች። ጠብታዋ ተንሳፈፈ። ባለሙያዋ ቀና ሳትል «ደም የለሽም፣ ቀጣይ» አለች። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ሁለቱ ጓደኞቿም ተከትለዋት ሄዱ። ሦስት ለጋሽ በአንድ ቃል ጠፋ ማለት ነው፤ ምናልባትም ለዕድሜ ልክ።

የበለጠ ያናደደኝ ሌላ ነው። ብልቃጡ ጠዋት ከተከፈተ ጀምሮ ክዳን አላየም። ሙቀት ነበረ። የፈሳሹ ውኃ ሲተን እፍጋቱ ይጨምራል፤ ያኔ ደህናውንም ጠብታ ያንሳፍፋል። 30 ሚሊ ሊትሩ ከ25 ያህል ጠብታ በኋላም መቀየር ነበረበት። አዲስ ፈሳሽ አስቀድተን ጠብታቸው ተንሳፍፎ የተከለከሉ ሁለት ሰዎችን ደግመን ብንለካ የአንደኛው ሰመጠ። ልጅቷን ግን ማን ይመልሳታል? ስልኳ እንኳ አልተመዘገበም፤ ምክንያቱም መዝገቡ የሚይዘው ደም የሰጡትን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘባችሁ የሚሄድበትን ልናገር። ተመላሽ የሚያደርገው ነገር ርካሽ ነው። የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ ብረት የያዘ ክኒን ይሰጠው፣ መመለሻ ቀኑ ይጻፍለት። የሰጠው ሰው የምርመራ ውጤቱን በምስጢር ይወቅ። ከሦስት ወር በኋላ ስልኩ ላይ መልእክት ይድረሰው። ስዊድን ውስጥ ደም ባንኮች ደሙ ለታካሚ በተሰጠ ዕለት ለለጋሹ አጭር መልእክት ይልካሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ስልክ ቁጥርና ከረጢቱን እስከ ታካሚው አልጋ የሚከተል መዝገብ ነው። ሁለቱም ለሌላ ነገርም ይፈለጋሉ፤ ስለ ፕላዝማው ሳወራ እመለስበታለሁ።

ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ነገር አለ። ትምህርት ቤት ሳሉ መስጠት የጀመሩ ወጣቶች 25 ዓመት እስኪሞላቸው 25 ጊዜ ለመስጠት ቃል የሚገቡበት ክበብ ነው። ብዙ አገሮች ቀድተውታል። የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወጣቱ አባል ሆነ። አባል ደግሞ ይጠበቃል፣ ሲቀር ይጠየቃል፣ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ለጋሽ ሆኖ ለመቆየት ከኤችአይቪ ራሱን መጠበቅ አለበት።

ስለ ቤተሰብ ምትክ ልገሳ መጠየቃችሁ አይቀርም። ታካሚው ደም ሲፈልግ ዘመድ ይምጣና ይተካ የሚባለው ማለቴ ነው። በመመሪያ ደረጃ መቅረት ያለበት ነገር ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ግን በአንድ ቀን ትእዛዝ ያቆሙት ቦታዎች ሰው ሞቶባቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዱ የሚሰጥና ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሙ የሚሰጥ ሰው በምርመራ ብዙም አይለያዩም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነጥብ አላቸው። ልዩነቱ የሚመጣው በመመለስ ነው። ስለዚህ ለእኅቱ የሰጠውን ሰው በአራተኛው ወር ደውሉለት። ደም ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷል። ከእሱ የተሻለ ለጋሽ ከየትም አታገኙም።

የምትክ ልገሳ እውነተኛ ጣጣው ደላላ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ባል ሁለት ሰው ይዞ መጣ። ሚስቱ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው። አንደኛው ወንድሟ ነበር። ሁለተኛው «የአጎቷ ልጅ ነኝ» አለ። እጅጌውን ሲሰበስብ ክርኑ ላይ ገና ያልጠፋ የመርፌ ምልክት ነበረ። የታካሚዋን ስም ስጠይቀው ባልየውን ዞሮ አየው። ባልየው መሬት መሬት አየ። ገንዘቡን ከፍሏል። በዚያ ሰዓት ሰውየውን አባርሬ ማንን እንደቀጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወንድሟ መስጠት መቻሉ አተረፈን።

ወደ ክፍያው ጥያቄ እንዲህ እንመጣለን። ገንዘብ ሲከፈል የመጀመሪያው የሚመጣው በጣም የተቸገረው ነው። የተቸገረ ሰው ደግሞ ስለ ጤናው እውነቱን የሚናገርበት ምክንያት የለውም፤ እውነቱ ያባርረዋልና። ሕንድ ውስጥ ደም ሻጭነት ሙያ ሆኖ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በሰጠው ውሳኔ ከጥር 1998 ጀምሮ ተከለከለ። በቻይና ሄናን ግዛት በ1990ዎቹ የሆነው ከዚያም ይብሳል። ከገበሬዎች ፕላዝማ ይገዛ ነበር። የብዙ ሰው ደም ተቀላቅሎ ፕላዝማው ከወጣ በኋላ የቀረው ቀይ ሕዋስ ለሻጮቹ መልሶ ይሰጣቸው ነበር። ገበሬው ደም ሳያንሰው ቶሎ ቶሎ እንዲሸጥ ታስቦ ነው። በኤችአይቪ መንደር ሙሉ ተለከፈ። ኒካራጓ ውስጥ ደግሞ በ1970ዎቹ ከድሆች ፕላዝማ እየገዛ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ነበር። ጉዳዩን ያጋለጠው ጋዜጠኛ ፔድሮ ሆአኪን ቻሞሮ በጥር 1978 ሲገደል የተቆጣው ሕዝብ ሕንጻውን አቃጠለው።

«አሜሪካ ትከፍል የለ?» ትሉኛላችሁ። ትከፍላለች። የዓለምን የመድኃኒት ፕላዝማ ሁለት ሦስተኛ ያህል የምታቀርበው እሷ ናት፣ ጀርመንና ኦስትሪያም ለፕላዝማ ለጋሽ ካሳ ይሰጣሉ። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ያ ፕላዝማ ፋብሪካ ገብቶ በኬሚካልና በሙቀት ቫይረሱ የሚገደል ነው። ለጋሹ በስም፣ በአድራሻ፣ በየጊዜው ምርመራ የተያዘ ነው። ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው። ለታካሚ በቀጥታ የሚሰጥ ቀይ የደም ሕዋስ ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ ውስጥ አያልፍም። ቁጥጥሩ ደካማ በሆነበት ቦታ ከሁለቱ አንዱን ከፍሎ ሌላውን በነጻ ልሰብስብ ማለት ደግሞ በነጻ የሚሰጠውን ያሸሻል። የትራንስፖርት ወጪውን መተካት፣ ውኃና ምግብ መስጠት ክፍያ አይደለም፤ ያንን አትሰስቱ።

ምርመራውን ባጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ቂጥኝ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ይመረመራሉ። የሚያሰናክለው የሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያው ኬሚካል፣ መቋረጥ ነው። አንድ ማሽን በስጦታ ከመቀበላችሁ በፊት ሪኤጀንቱን የሚሸጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ አንድ ብቻ ከሆነ ማሽኑ ስጦታ አይደለም። ይህን በነጻ የተሰጠኝ ምክር አድርጋችሁ አትዩት፤ እኔ በውድ ነው የገዛሁት።

ሰብሳቢው ሲማረር የማይታየው ሌላው ቀዳዳ ሆስፒታሉ ነው። የደም ፍጆታ ካልተገራ ልክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት በኡጋንዳና በማላዊ ሆስፒታሎች ተሠርቷል። የተጠኑት ሄሞግሎቢናቸው ከ4 እስከ 6 ግራም የሆነ፣ ግን የከፋ ምልክት የሌላቸው ከ1,500 በላይ ሕፃናት ናቸው። ግማሾቹ ወዲያው ደም ተሰጣቸው። ሌሎቹ በቅርብ ክትትል ተጠባበቁ፤ የባሰባቸው ብቻ ተሰጣቸው። በሞት መጠን ልዩነት አልታየም። ከተጠባበቁት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ደም ሳያስፈልጋቸው ዳኑ። ይህ ማለት ግን ክትትል የሌለበት ክፍል ውስጥ ሕፃኑን አቆዩት ማለት አይደለም፤ ቁልፉ ነርሷ በየሰዓቱ ማየቷ ነው። ለእናቶችም ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ርካሽ መድኃኒት አለ። በ2017 የወጣ 20,000 እናቶችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን ይቀንሳል። ሐኪሞቹን ሰብስባችሁ በየወሩ «ይህ ከረጢት ለምን ተሰጠ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ፍጆታው ይወርዳል። ሐኪሞች አይወዱትም። ይለምዱታል።

ስለ ድሮኖች አንድ ነገር ልበል፣ ሁሌ ይነሣልና። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ደም በድሮን ማድረስ ጀመረች። በኋላ በወጣ ጥናት በሆስፒታሎቹ ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም 67 በመቶ ቀንሷል። ደስ ይላል። ግን ድሮኑ የሚያነሣው የተመረመረ ደም ማእከል ውስጥ ስለነበረ ነው። ባዶ መደርደሪያ በድሮን አይሞላም።

አሁን ወደ ፕላዝማው። የ450 ሚሊ ሊትር ልገሳ በሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን፣ ወደ ክፍሎቹ ሲለይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ይሰጣል። አንድ ሊትር ለመሙላት አራት አምስት ሰው ያስፈልጋል። በዓመት 50,000 ልገሳ ብትሰበስቡ፣ ሁሉንም ብትለዩ፣ አንድም ባይበላሽባችሁ፣ 11,000 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የሆስፒታሎቻችሁ ፍጆታ ይቀነሳል። አዋጭ የሚባል ፋብሪካ ደግሞ በዓመት መቶ ሺዎች ሊትር ይፈልጋል። ፋብሪካውን ያቀረበላችሁ ሰው ይህን ቁጥር በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳስቀመጠው እዩልኝ።

ፍላጎቱ ግን ቅዠት አይደለም። በሽታን የሚከላከለው ፕሮቲን ኢሚዩኖግሎቡሊንና ደማቸው አልረጋ ለሚል የሄሞፊሊያ ታካሚዎች የሚሰጠው ደም አርጊ ፋክተር 8 በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሲወለድ ጀምሮ የመከላከል አቅሙ የጎደለ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በወር 20 ግራም ያህል ኢሚዩኖግሎቡሊን ይወስዳል። ከአንድ ሊትር ፕላዝማ የሚወጣው 4 ግራም ገደማ ነው። በዓመት 60 ሊትር። ለአንድ ሰው ከ250 በላይ ልገሳ ማለት ነው። ስለዚህ የምትጥሉት ፕላዝማ ያሳዝናል፤ በዚህ ተስማምተናል።

ለምን ትጥሉታላችሁ ግን? ብዙ ጊዜ መልሱ ሦስት ነገር ነው። በጊዜው አልቀዘቀዘም፣ የቀዘቀዘው መሐል ላይ ቀልጧል፣ ወይም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ፋክተር 8 ተሰባሪ ነው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ፕላዝማው በዕለቱ ካልተለየና ቶሎ ወደ በረዶነት ካልተለወጠ ገዢ የሚፈልገው ነገር ውስጡ የለም።

መቅለጡን የምታውቁበት አንድ የድሮ ብልሃት ላሳያችሁ። ከረጢቱን ፍሪዘር ከማስገባታችሁ በፊት ወገቡን በላስቲክ እሰሩት። ድንጋይ ሆኖ ሲጠነክር ላስቲኩን ፍቱት። ወገቡ ላይ የላስቲኩ ስርጉድ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ፕላዝማው ከቀለጠና እንደገና ከቀዘቀዘ ስርጉዱ ይጠፋል፣ ከረጢቱ ድብልብል ይሆናል። የሙቀት መዝገቡ ወረቀት ላይ ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ በታች 30 ተጽፎ፣ በፍሪዘሩ ውስጥ ግን ወገብ ያለው ከረጢት አጥቼ አውቃለሁ። ወረቀቱን የሞላው ልጅ አልዋሸም ብሎኛል፤ ጠዋት ጠዋት ሲመጣ ሁሌ 30 ነበር። መብራቱ የሚጠፋው ማታ ነው።

እንግዲህ የፕላዝማው መንገድ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፕላዝማችሁን ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ «እቀበላለሁ» እስኪል ድረስ አሻሽሉት። ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ፋብሪካው ኦዲተር ይልካል። በፈጣን የመመርመሪያ ስትሪፕ ብቻ የተመረመረ አይቀበልም። ከእያንዳንዱ ከረጢት ወደ ለጋሹ፣ ከለጋሹም ወደ ቀድሞ ልገሳዎቹ የሚመልስ መዝገብ ይጠይቃል። ቅድም ስለ ስልክ ቁጥሩና ስለ መዝገቡ እመለሳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ለጋሹን የሚያስመልሰው መዝገብ ፕላዝማውንም የሚያሸጠው መዝገብ ነው። የሚገርመው፣ ለኦዲተሩ ብላችሁ የምታስተካክሉት ሁሉ ቀይ የደም ሕዋሱንም ያሻሽለዋል፤ ፋብሪካው ባይቀበላችሁ እንኳ አትከስሩም።

ሁለተኛው የውል ሥራ ነው። ፕላዝማችሁን ትልካላችሁ፤ ለማምረቻ ከፍላችሁ መድኃኒቱን ትወስዳላችሁ። ፋብሪካዎች በትንሽ መጠን ማሽን አያስነሡም። ስለዚህ ከጎረቤት አገሮች ጋር አንድ ዓይነት የጥራት ደንብ ይዛችሁ በጋራ መደራደር ያዋጣል። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ከአንድ ሊትር ስንት ግራም ኢሚዩኖግሎቡሊን እንደሚመለስላችሁ፣ የተረፈው የፕላዝማ ክፍል የማን እንደሚሆን። ብዙ ተደራዳሪ ሁለተኛውን ይረሳዋል።

እስከዚያው በእጃችሁ የሚሠራ ነገርም አለ። ክራዮ የምንለው፣ የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ፣ ፋክተር 8ና ፋይብሪኖጅን አለው። ደም ለሚፈሳት እናትም ለሄሞፊሊያ ታካሚም ይሆናል። ችግሩ ቫይረሱ አልተገደለም። ግብፅ ውስጥ የጥቂት ለጋሾችን ክራዮ በአንድ ላይ አድርጎ በልዩ የከረጢት ሥርዓት ውስጥ በኬሚካል የማጽዳት ዘዴ በተግባር ላይ ውሏል። ትልቅ ፋብሪካ አይፈልግም። ሠልጥኖ የሚሠራ ሰውና ሥራውን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ግን ይፈልጋል።

አንድ የግል አቋሜን እዚህ ላይ ልጨምር። ሁሉንም ደም ወደ ክፍሎቹ መለየት ዘመናዊነት ይመስላል። እኔ ግን ፍሪዘር በሌለበት፣ ዋናው ታካሚ በወሊድ ደም የሚፈስሳት እናት በሆነችበት ወረዳ ሆስፒታል ያልተለየ ሙሉ ደም ይኑር እላለሁ። ቀይ ሕዋሱንም ፕላዝማውንም አንድ ላይ ታገኛለች። የምትለዩት በማእከል ያለውን፣ ሰንሰለቱ የማይበጠስበትን ነው። የፕላዝማ ግብ ለማሟላት ተብሎ ከወረዳ ሙሉ ደም ሲነጠቅ አይቻለሁ።

የገንዘቡ ነገር ቀርቷል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ፔፕፋር የሚባለው የአሜሪካ የኤድስ መርሐ ግብር ለ14 አገሮች ደም አገልግሎት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። ልገሳው ጨመረ፣ ሕንጻ ተሠራ። ድጋፉ ሲቀንስ አንዳንዶቹ ጋ ስብስቡም አብሮ ወረደ። ደመወዙም ከረጢቱም ነዳጁም ከአንድ ቧንቧ ነበር የሚመጣው። ደም ከ2013 ጀምሮ ራሱ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነው። ይህን ይዛችሁ ገንዘብ ሚኒስቴር ሂዱ። ለከረጢት፣ ለሪኤጀንትና ለተሽከርካሪ ነዳጅ የራሱ የበጀት መስመር እንዲኖረው ጠይቁ። የውጭ ድጋፍ ካለ ለሥልጠና፣ ለመዝገብ ሶፍትዌር፣ ለጄኔሬተር ይሁን፤ ነገ ቢቆም ልገሳው እንዳይቆም።

ለታጨው ቦታ ግን ጥሩ ጥቅም አለኝ። ፋብሪካው እስኪደርስ ድረስ ሁለት ትልልቅ ፍሪዘር፣ በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተርና የሌሊት ዘበኛ የሚያርፍበት መጋዘን ሥሩበት። ዘበኛው ላስቲክ እንዲያስር አሠልጥኑት።